አሽትተው ይግዙ

ፊደል የቆጠርኩት ዓሣ ሆድ ላይ ነው። እያጋነንኩ አይደለም። እናቴ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባ ትንሽ ዓሣ ቤት አላት። አባቴ በየማለዳው ከዝዋይ ዓሣ ያመጣል፣ እሷ ትሸጣለች። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ዓሣ የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። ጋዜጣው ይርስና ቀለሙ ዓሣው ላይ ይታተማል፤ ነጩ የቆሮሶ ዓሣ ሆድ ላይ "ረ" ወይም "ገ" ፊቱን አዙሮ ይቀራል። እኔም ዱካዬ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሬ እናቴን አስጠርታ "ይቺ ልጅ 'ረ'ን ለምንድነው ፊቱን አዙራ የምትጽፈው?" አለቻት።

"ከዓሣ ተምራ ነው" አለች እናቴ። መምህሬ የተቀለደባት መስሏት ተቆጣች።

ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። "ረ" አሁን በትክክል ይቆምልኛል። እንዲያውም የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ቆሞ ካነበበው ወዲህ የሚያቆመኝ ጠፍቷል፤ የስልኬ ኖት ሞልቷል፣ የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ሞልቷል። ይህንን የምጽፈው አንድ የጻፍኩት ነገር ምን እንደሠራ ልነግራችሁ ነው። ጉራ ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ትንሽ ጉራ ነው።

ከጋዜጣው በኋላ የፌስታል ዘመን መጣ። ፌስታል ውሃ ይይዛል ይባላል እንጂ የዓሣን ውሃ የያዘ ፌስታል እኔ አላየሁም። አንድ ቀን እናቴ አትላስ አካባቢ ላለ ሆቴል አድርሺ ብላኝ ሁለት ፌስታል ዓሣ አንጠልጥዬ ታክሲ ገባሁ። መንገዱን ሳናጋምስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እግሯን ሰበሰበች።

"እህቴ" አለችኝ፣ "ዓሣሽ እያለቀሰ ነው።"

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ስወርድ ግን የሚያለቅሰው ዓሣው ብቻ አልነበረም።

ትምህርት ቤትም ያው ነበር። ሰባተኛ ክፍል እያለን አንዷ ልጅ ገና ከበር ስገባ አፍንጫዋን ይዛ "ሐይቁ መጣ!" ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጄን በሎሚ ሳልፈትግ ከቤት አልወጣም። እናቴ ታየኛለች። አንድ ቀን ሎሚውን ከእጄ ላይ ወስዳ፣ "ትኩስ ዓሣ አይሸትም። የሚሸተው የቆየው ነው" አለችኝ። አላመንኳትም። ይህችን ንግግር ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

ቦሌ በፎቅ ስትሞላ የዓሣ በሊታውም ተለወጠ። ድሮ ሰው ዓሣ የሚገዛው ሙሉውን ነበር፤ ከነጭንቅላቱ፣ ዓይኑን አይቶ፣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ገልጦ፣ ደም መምሰሉን አረጋግጦ፣ በመጨረሻም አሽትቶ። አሁን አፓርታማ ውስጥ ያሉት የሚፈልጉት አጥንት የሌለው ፊሌቶ ነው፤ በልክ የተቆረጠ፣ ፍሪጅ ሲከፈት የማይሸት፣ ቀኑ የተጻፈበት። በቴሌግራም ያዝዛሉ፣ ሞተረኛ ያደርስላቸዋል። የሆቴል ወጥ ቤቶችም "ካልታሸገ አንረከብም" ማለት ጀመሩ። ጭራሽ ፌስታል ክልክል ነው ሲባልማ፣ ከግራና ከቀኛችን ያሉት ዓሣ ቤቶች አንዱ የፎም ሳህን፣ አንዱ ባለክዳን ፕላስቲክ ይዞ ብቅ አለ። ወሬው ሁሉ ስለ ዓሣው መሆኑ ቀርቶ ስለ ዓሣው ልብስ ሆነ።

እናቴ ከሁሉም በለጠች። ሥራ ካቆመ ቋሊማ ቤት አሮጌ ቫኪዩም ማሽን ገዛች። ፊሌቶውን ጠንካራ ላስቲክ ውስጥ ታስገቡታላችሁ፣ ክዳኑን ትጫኑታላችሁ፣ ማሽኑ "ህ-ም-ም-ም" ብሎ አየሩን ሁሉ ይመጥና አፉን በሙቀት ያጣብቀዋል። ላስቲኩ ዓሣው ላይ እንደ ቆዳ ልጥፍ ይላል። እኔ የመጀመሪያውን እሽግ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ያ በታክሲ ውስጥ ያለቀሰው ዓሣ ነው ይሄ?

ዓሣ የሚሰነጥቁልን ጋሼ ግን አልተዋጠላቸውም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቢላቸው ከዓይን ይፈጥናል፣ ምላሳቸው ደግሞ ከቢላቸው።

"ይኸ ምንድን ነው?" አሉ እሽጉን በሁለት ጣት አንስተው። "አነቃችሁት እኮ!"

"ጋሼ፣ ሞቷል እኮ" አልኳቸው።

"ቢሞትስ? የሞተ አይከበርም?"

እናቴ ግን ቀልድ ላይ አልነበረችም። ልቧ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም ካለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ። እዚያ ተደርድሮ የምታየው ከውጭ የመጣ ዓሣ ነበር፤ ካርቶኑ የሚያብለጨልጭ፣ ዓሣው ከየት ባሕር እንደወጣ ለማንበብ መነጽር የሚያስፈልገው። "ሐይቃችን እዚህ እጃችን ላይ ተኝቶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንበላለን" ትላለች። "ለምን? ልብሱ ስላማረ!" አንድ ቀን እሽጎቿን በበረዶ ሳጥን ሞልታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔን አስከትላ ሄደች።

የቀዝቃዛ ዕቃዎች ኃላፊው ከረባት ያሰረ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። እሽጎቹን ገለባበጠ፣ በብርሃን አያቸው።

"እሺ እትዬ፣ አንድ መደርደሪያ ልስጥዎት። ሁዳዴን እንየው። ተመላሽ ከበዛ ግን ከፋሲካ በኋላ ቦታው ለሌላ ይሄዳል። እዚህ ቦታ እንጂ ይሉኝታ የለም።"

"ይሉኝታ አልጠየቅኩህም ወንድሜ" አለች እናቴ። ውጭ ስንወጣ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ስታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ጎንበስ ስል እየሳቀች ነበር።

ሁዳዴ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት እሽጎች ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት ከላክነው ግማሽ የሚሆነው ተመለሰ። ላስቲኩ ከዓሣው ላይ ለቆ ላልቷል፣ ውስጡ አየር ገብቷል፣ ከሥሩ ውሃ አቁሯል። እናቴ ማሽኑን ፈታታ አጠበች፣ ላስቲኩን ለወጠች፣ አፉን ሁለት ጊዜ አጣበቀች። ሦስተኛው ሳምንት ላይም ተመለሰ።

"አልኳችሁ!" አሉ ጋሼ። "ተነፈሰ።"

ኃላፊው ደወለ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። "እትዬ፣ ማሽንዎ አያሽግም። አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ፋሲካንም አልጠብቅም።"

እናቴ ስልኩን ዘግታ ቢላዋ መሳል ጀመረች። የእኛ ቤት ቢላዋ የሚስሉት ጋሼ ናቸው። እናቴ ከሳለች ነገር አለ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ከተመለሱት እሽጎች አንዱን ይዤ ወጣሁ። ወሎ ሰፈር ተወልዶ ጎሚስታ ጎማ ሲለጥፍ ሳያይ ያደገ ልጅ የለም፤ የጎማ ቀዳዳ የሚገኘው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። እናስ ዓሣ ቢሆን ምን ይለየዋል? ከበራችን አጠገብ ያለው ጎሚስታ ሳፋው ፊት ቁጭ ብሎ ነበር። እሽጉን አቀበልኩት።

"ምንድን ነው?"

"ዓሣ።"

"ታዲያ ወደ ውሃ ልመልስልሽ?" ብሎ ሳቀ፤ ግን ነከረው። ወዲያው ከእሽጉ ሆድ ላይ ትንንሽ አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ጎሚስታው ሳቁን ትቶ እሽጉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ሃያ ዓይነት ቀዳዳ የሚያውቅ ሰው ነው።

"ይሄ ከውጭ ነው የተበሳው" አለ። "ምስማር ክብ ነው የሚበሳው። ይሄ ግን ግማሽ ጨረቃ ነው።" ከዚያ ዘይት የጠጣ አውራ ጣቱን አንስቶ ጥፍሩን አሳየኝ። "ይሄ ነው።"

የቀሩትን እሽጎችም አመጣሁ። ሁሉም ላይ ግማሽ ጨረቃ። አንዳንዱ ላይ ሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ሱፐርማርኬቱ ሄጄ ከዓሣው መደርደሪያ ፊት ለፊት፣ ከማካሮኒው ጎን ቆምኩ። ብዙ አልጠበቅኩም። ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ አንዲት አዛውንት መጡ። እሽግ አነሱ። ገለበጡት። ተጫኑት። ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ወረደ፤ "ጢቅ!" እሽጉን አፍንጫቸው ላይ ለጠፉትና ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደውታል። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የበሱትን መለሱና ከሥሩ ያልተበሳውን አንስተው ቅርጫታቸው ውስጥ ከተቱ!

"እማማ!" አልኩ ሳላስበው።

"አቤት ልጄ?"

"ለምን በሱት?"

"ታዲያ ሳላሸት ልግዛ? ዓሣ እኮ ነው።"

"አየር ይገባበታል እኮ እማማ። ይበላሻል።"

"ይተንፍስ እንጂ ምስኪን፣ ምን አድርጎ ነው ያፈኑት?" አሉ። ቀጥለው ጠጋ ብለው "ቄሱ በሁዳዴ ዓሣ አይበላም ይሉኛል፤ ሐኪሙ ካልበላሽ ይለኛል። ቄሱን አከብራለሁ፣ ሐኪሙን እሰማለሁ። እንዲህ ተጨንቄ ገዝቼ ደግሞ የሸተተ ልብላ?" አሉኝ።

ከእሳቸው በኋላ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ በሳ። ከእሱ በኋላ ጥፍሯን ረጅም አድርጋ የተሠራች ወጣት መጣች፤ እሷማ መሣሪያ ይዛ እንደመጣች ቁጠሩት።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ መናደድ ፈልጌ ነበር፤ እምቢ አለኝ። እናቴ ራሷ ገበያ ስትወጣ ቅቤ ሳትቀምስ አትገዛም። በርበሬ ቆንጥራ ምላሷ ላይ ሳታደርግ፣ ጤፍ በጥርሷ ሳትሰብር አትገዛም። ሻጩም አይቆጣም፤ "ቅመሺ እንጂ" ይላል። እኛ አገር ዕቃ እንዲህ ነው የሚገዛው። ሰዎቹ አላጠፉም። እኛ ነን ዓሣውን አሽገን አፍንጫቸውንም አብረን ያሸግነው።

ይህንን ለእናቴና ለጋሼ ስነግራቸው እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ማሽኔ ደህና ነው ማለት ነው?" አለች መጀመሪያ። ቀጥላ ስልኩን አንስታ ለኃላፊው ደወለች። እሱም በማግስቱ መደርደሪያው ላይ በቀይ "መንካት ክልክል ነው!" የሚል ወረቀት ለጠፈ። በዚያ ቀን አንድም እሽግ አልተበሳም። አንድም እሽግ ግን አልተሸጠም። ማምሻውን ደርሼ ሳይ ሁለት ሴቶች ከወረቀቱ ፊት ቆመዋል።

"ምን ደብቀው ነው?" አለች አንዷ።

"እሱንስ ተይው" አለች ሁለተኛዋ። ከውጭ የመጣውን አነሱ። እሱን ማንም አይበሳውም፤ ካርቶን ነዋ።

ያን ዕለት ማታ ደብተሬን ገለበጥኩና ጻፍኩ። ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ነበር፤ ስለ አየር፣ ስለ ባክቴሪያ፣ ልክ እንደ ባዮሎጂ ፈተና። እናቴ አነበበችውና "ይሄን ቆሞ የሚያነብ ሰው ዓሣው ይበሰብስበታል" አለችኝ። ሰረዝኩ። በመጨረሻ ሦስት መስመር ቀረ። ጮክ ብዬ ሳነበው ጋሼ፣ እኚያ ጋሼ፣ ቢላቸውን አቁመው "ድገሚው" አሉ።

ጠዋት እናቴና እኔ አንድ ያልታሸገ ፊሌቶ፣ አንድ ክዳን ያለው የብርጭቆ ሳህንና ፍርፍር በረዶ ይዘን ኃላፊው ፊት ቆምን። ሐሳቡን ስነግረው ፊቱ ተኮሳተረ።

"የተከፈተ ዓሣ? እዚህ? ሱፐርማርኬቴን ዓሣ ዓሣ ልታሸቱት ነው?"

እናቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እኔ ቀደምኳት። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ያቺ በሎሚው ቀን የነገረችኝ ንግግር ናት አፌ ላይ የተገኘችው።

"ትኩስ ዓሣ አይሸትም" አልኩት። "የሚሸተው የቆየው ነው። ከሸተተዎት ዛሬውኑ መደርደሪያውን ይውሰዱት።"

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። መደርደሪያዋን አስያዝኩባት እኮ! ለእሷ ያ መደርደሪያ ምን እንደሆነ እያወቅኩ፣ በአንድ ሰውዬ አፍንጫ አስያዝኩባት።

ኃላፊው ክዳኑን አነሳ። ጎንበስ አለ። ሳበ። እንደገና ሳበ። ከረባቱ በረዶው ላይ ሊነከር ምንም አልቀረውም።

"ውሃ ውሃ ነው የሚለው" አለ ቀና ብሎ፣ በሽታ እንደጠፋበት ሐኪም ግራ ተጋብቶ።

"ሐይቅ ነዋ" አለች እናቴ። ሐይቅ የሚለው ቃል እንደዚያ ሲያምር ሰምቼ አላውቅም።

ቀዩን ወረቀት ራሱ ቀደደው። የብርጭቆ ሳህኑ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ፣ ከጎኑ በእጄ ጽሑፍ፣ በወፍራም ማርከር፣ ይህ ቆመ፦

እኔን ያሽትቱኝ።
ዛሬ ማለዳ ከእነዚህ እህቶቼ ጋር ነው ከዝዋይ የመጣሁት፤ እነሱ ተኝተዋል፣ በጥፍር አይቀስቅሷቸው።
አሽትተው ይግዙ።

የመጀመሪያዋ አንባቢዬ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። መጥረጊያዋን ተደግፋ አነበበች፣ ሳቀች፣ ክዳኑን አነሳች፣ አሸተተች። ቀጥላ ገንዘብ ተቀባይዋን ጠራቻት። እኔ ማካሮኒው ጋ ቆሜ ነበር። ክፍል ውስጥ ድርሰቴ ሲነበብ እንኳን ልቤ እንደዚያ አልመታም። እዚያ የሚያዳምጡት ለነጥብ ብለው ነው፤ እዚህ ግን ሰው ሥራውን አቁሞ፣ ማንም ሳያዘው፣ የኔን ቃል እያነበበ ይስቃል!

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ከመጣው ዓሣ አንዱ ሳይታሸግ ወደ ብርጭቆው ይሄዳል። በዚያ ሳምንት የተመለሰው ሁለት እሽግ ብቻ ነበር። በቀጣዩ አልተመለሰም። ጋሼ ለብርጭቆው የሚሄደውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ "ይኸኛው መልከ መልካም ነው፣ ለሕዝብ ይቅረብ" እያሉ። ያች "ሐይቁ መጣ" የምትለኝ ልጅ ሳይቀር የጽሑፉን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ከየት እንዳገኘችው እንጃ። "እናቴ ገዝታ መጣች። ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ እንዴ? ሲሪየስሊ?" ይላል። "አዎ" ብዬ ብቻ መለስኩ። አራት ነጥቧን ሳይቀር አሳምሬ አኖርኳት።

ፋሲካ አለፈ። ሰው ሁሉ ወደ ሥጋ ዞረ። ኃላፊው የቀጠረን ማክሰኞ ነበር፤ እናቴ ያንኑ የበዓል ቀሚስ ለበሰች። እኔ አስፋልቱን ስንሻገር ነው ትዝ ያለኝ፤ ጠዋት ለጥብስ ስሰነጥቅ ቆይቼ እጄን በሎሚ ሳልፈትግ ነበር የወጣሁት። መመለሻ ጊዜ የለም።

ኃላፊው መደርደሪያው ጋ ቆሞ ይጠብቀናል። ከጎኑ የኔ ጽሑፍ ላሚኔት ተደርጎ ቆሟል። ከእኛ መደርደሪያ ሥር ያለው፣ የውጭው ካርቶን የነበረበት፣ ባዶ ነው።

"ይሄ ባዶ የሆነው…" አለች እናቴ፣ ድምጿ ቀጥኖ።

"የእርስዎ ነው እትዬ። ሁለቱም።" ቀጠለና ወደ ጽሑፉ በአገጩ እያመለከተ፣ "ግን ይህን የጻፈልዎትን ሰው ያገናኙኝ። ዶሮ አቅራቢዎቼም ይፈልጉታል።"

እናቴ ከኋላዋ ጎትታ አወጣችኝ፣ ልክ ከሣጥን ውስጥ ትልቁን ዓሣ እንደምታወጣው።

ይህን ጊዜ ከመደርደሪያው ወዲያ ጩኸት ተሰማ። እኚያ ነጠላ ለባሽ እማማ ናቸው። አንድ ጎልማሳ እሽግ ይዞ አውራ ጣቱን አሹሏል፣ እሳቸው ደግሞ እጁን ቀጨም አድርገው ይዘውታል።

"ማንበብ አትችልም? ተኝተዋል ተብሏል እኮ! ማሽተት ከፈለግህ ያውልህ፣ ለዚህ ብለው ያስቀመጡት!"

ሰውዬው አፍሮ እሽጉን መለሰ፣ ክዳኑን አንስቶ አሸተተ። እማማም ዞር ሲሉ አዩኝ።

"አንቺ! የዓሣዋ ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ እማማ። ፋሲካ አለፈ እኮ፣ ሥጋ አይበሉም?"

"ሐኪሙ ለፋሲካም አይራራም" አሉና እጄን ሳብ አድርገው ሳሙት። ያንን ያልተፈተገ እጄን። አፍንጫቸው ላይ ትንሽ አቆዩት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ልክ ያን ቅዳሜ እንዳደረጉት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የዛሬው ደህና ነው" አሉ፣ እና ከአዲሱ መደርደሪያችን የመጀመሪያውን እሽግ አነሱ።